ግንቡን ማን ሠራው? የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ በጎንደር

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጊዜ ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ የቸኮላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

ጎንደርን በእግር የጎበኘ ሰው ሁሉ የነገሥታት ስም ይዞ ነው የሚወጣው። እኔም ክረምት ላይ ለስልጠና በሄድኩበት ጊዜ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር አስጎብኚ ይዘን ሁለት ሰዓት ያህል ዞርን። አስጎብኚያችን ጎበዝ ልጅ ነው። ዓፄ ፋሲል፣ ጻድቁ ዮሐንስ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ እያለ ከነዘመናቸው እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጣቸዋል። "ማን ነገሠ?" ብትሉት አንድ አይስትም። "ማን ሠራው?" ስትሉት ግን መልሱ አጭር ነው። ወይ "ዓፄ ፋሲል" ይላል፣ ወይ "ፖርቹጋሎች ናቸው ይባላል" ብሎ ወደሚቀጥለው ግንብ ይወስዳችኋል።

ልጁን ለመውቀስ አይደለም። እኛም ክፍል ውስጥ እንደዚያው ነው የምናስተምረው። እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም፤ በዲፕሎማ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ የማስተምር ሰው ነኝ። ግን ይሄ "ማን ሠራው?" የሚለው ጥያቄ ለኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አሁን እስኪ አብረን እንዙር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጃን ተከል

ጉዞው የሚጀምረው ከጃን ተከል ነው፤ ከግቢው ፊት ለፊት ትልቁ ዋርካ ካለበት አደባባይ። ድሮ አዋጅ የሚነገረው፣ ፍርድ የሚፈጸመው እዚህ ነበር። አስጎብኚዎቹ ሁልጊዜ እዚህ ላይ የሚነግሩት አንድ ጨዋታ አለ፦ የነገሥታቱ ዋና ከተማ በ"ጎ" የሚጀምር ቦታ ይሆናል የሚል ትንቢት ነበረና ጎርጎራ ተሞከረ፣ ጉዛራ ተሞከረ፣ በመጨረሻ ዓፄ ፋሲል አደን ወጥተው ጎሽ ሲከተሉ እዚህ ደረሱ ይባላል። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ልጆች አይረሱትም። እኔም ክፍል ውስጥ እነግራቸዋለሁ።

ከተረቱ ጀርባ ግን ሌላ ምክንያት አለ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት አብዛኛውን ዘመን በድንኳን ነበር የሚኖሩት። ሰፈራቸው ሲንቀሳቀስ አገሩ ሁሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል። "ከተማ" የሚለው ቃላችን ራሱ ድሮ የንጉሥ ሰፈር ማለት ነበር። ሰፈሩ አንድ ቦታ ብዙ ከቆየ እንጨቱ ያልቃል፣ ገበሬው ቀለብ መስጠት ይታክተዋል። በ1636 ገደማ ዓፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ሲረጉ ቦታው ብዙ ነገር ያሟላ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ቆላ አይደለም፣ ወባ አይበዛበትም። አንገረብና ቀሃ የሚባሉ ሁለት ወንዞች በግራና በቀኝ ይወርዳሉ። ጣና ሩቅ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመተማ በኩል ወደ ስናር የሚወርደውና ወደ ምፅዋ የሚወጣው የንግድ መንገድ እዚህ ይገናኛል።

እንግዲህ ጎንደር ማለት ድንጋይ የለበሰ የንጉሥ ሰፈር ነው። ንጉሡ መሐል፣ እጨጌው በአንድ ወገን፣ አቡኑ በሌላ ወገን፣ ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ ግንበኛው ደግሞ ዙሪያውን። እጨጌ ቤትና አቡን ቤት የሚባሉት ሰፈሮች ስማቸው እስከ ዛሬ አለ። ድንኳኑ ሲቀር ያ ሁሉ ሰው ግን አብሮ ቀረ፤ አብሮ ተተከለ። ይሄን ያዙልኝ።

የፋሲል ግንብ

ግቢው ውስጥ ስትገቡ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል በሆነ አጥር የተከበበ ነው። ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ትልቁና አንጋፋው የዓፄ ፋሲል ግንብ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ በየጥጉ ክብ ግንብ ተተክሎለታል፤ የክቦቹ አናት እንቁላል እንደተገመሰ ሆኖ ይታያል። ግድግዳው ጠቆር ያለ ባዛልት ነው፤ በሮቹና መስኮቶቹ ዙሪያ ግን ቀላ ያለ ለስለስ ያለ ድንጋይ ቀስት ሆኖ ተሠርቶበታል። ለምን ሁለት ዓይነት ድንጋይ? ባዛልት ጠንካራ ነው፤ ክብደት ይሸከማል፣ ለመጥረብ ግን አስቸጋሪ ነው። ቀዩ ድንጋይ ለመቅረጽ ይመቻል። ይህን ያሰበው ሰው ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው አንደኛው ባልደረባዬ "ይሄ እኮ የፖርቹጋል ሥራ ነው" ያለው። አስጎብኚያችንም አልተቃወመውም። "ብዙ ሰው እንደሱ ነው የሚለው፣ መምህር" አለ። እስኪ እንደ ክፍል ውስጥ በቅደም ተከተል እንየው።

የፖርቹጋል ወታደሮች ወደ አገራችን የመጡት በ1541 ነው፤ 400 ያህል ነበሩ። ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ እዚሁ ወልደው ከብደው ቀሩ። ኢየሱሳውያኑ ሚሲዮናውያን ከነሱ ኋላ መጡ፤ ዝነኛው ፔድሮ ፓኤዝ የደረሰው በ1603 ነው። ዓፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ አገሩ ታመሰ፤ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖታችሁ ይመለስላችሁ ብለው አወጁና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። ፋሲል ወዲያው ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ጎንደር የተቆረቆረው ከዚያ በኋላ ነው። "ፖርቹጋሎች ሠሩት" የሚለው ታሪክ እንግዲህ ፋሲል ያባረሯቸውን ሰዎች ቤተ መንግሥት ሥሩልኝ ብለው ጠሩ እንደማለት ነው። አይሄድም።

ይህ ማለት ግን የውጭ እጅ አልነበረበትም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ በፌስቡክ የምንጣላው። አንዱ "ሁሉም የፈረንጅ ነው" ይላል፤ ሌላው "ሁሉም የኛ ብቻ ነው" ይላል። በ1648 የየመን ኢማም መልእክተኛ ሆኖ ጎንደር የመጣው ሐሰን አልሐይሚ ቤተ መንግሥቱን በዓይኑ አይቶ፣ የግንበኞቹ አለቃ ህንዳዊ እንደነበረ ጽፏል። በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ግንቡን የሠሩት ከህንድ የመጡ ግንበኞችና ከኢየሱሳውያኑ ሙያ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ እንፍራንዝ አቅራቢያ ያለው የጉዛራ ግንብ አለ። የአካባቢው ትውፊት ይህን ግንብ ከ1563 እስከ 1597 ለነገሡት ለዓፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚሰጠው፤ ፓኤዝ ሳይመጣ በፊት ማለት ነው።

ስለዚህ መልሱ የተደባለቀ ነው። ከህንድ የመጣ አለቃ ነበረ፤ ከኢየሱሳውያን የቀረ ሙያ ነበረ፤ የአገሬውም ልምድ ነበረ። ማፈርም መኩራራትም የሚያስፈልገው ነገር የለም። ዓለም ላይ ሁሉም ትልቅ ሕንፃ እንደዚሁ ነው።

ነገር ግን ክርክሩ እዚህ ላይ የሚያልቅ ከሆነ አሁንም "ማን ሠራው?" አልተመለሰም። አንድ አለቃ ግንብ አይገነባም።

ኖራ

አስጎብኚያችንን ግድግዳው ላይ ያለውን ነጭ ነገር አሳየሁትና "ወንድሜ፣ ይሄስ?" አልኩት። "ኖራ ነው መምህር፤ ሲሚንቶ በሌለበት ዘመን እሱ ነበር ማጣበቂያቸው" አለኝ። ልክ ነው። ግን ኖራ እንዴት እንደሚሠራ አስባችሁት ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ ያለበት ቦታ ይፈለጋል። ድንጋዩ ተፈልጦ ወደ እቶን ይገባል። ከ800 እስከ 900 ዲግሪ በሚሆን እሳት ይቃጠላል፤ እሳቱም ቶሎ መጥፋት የለበትም። ከእቶን የወጣው ድንጋይ ላይ ውኃ ሲፈስበት ይፈላል፣ ይፈነዳል፣ ዱቄት ይሆናል። ዓይን ያጠፋል፣ እጅ ይልጣል። ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ባዛልቱ ደግሞ ከካባ ይፈነቀላል፣ ይጠረባል፣ በሰውና በእንስሳ ጀርባ ይመጣል። መወጣጫው ከእንጨት ይታሰራል። ቀስቱ ከመያያዙ በፊት ከሥሩ የሚደግፈው የእንጨት ቅርጽ ይሠራል፤ ይህ የአናጺ ሥራ ነው። መዶሻው፣ መሮው፣ ድጅኖው በየቀኑ ይዶለዱማል፤ የሚስለው ቀጥቃጭ ያስፈልጋል። ውኃ የሚቀዳበት እንስራ ያስፈልጋል፤ እሱን የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ ናት።

እንግዲህ ቁጠሩ። ድንጋይ ፈላጭ፣ እንጨት ቆራጭ፣ ኖራ አቃጣይ፣ ጠራቢ፣ ተሸካሚ፣ አናጺ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ለዚህ ሁሉ ሰው እንጀራ የምትጋግር፣ ጠላ የምትጠምቅ። "ፋሲል ሠሩት" ስንል የነዚህን ሁሉ ድካም ነው በአንድ ስም የምንጠቀልለው።

የበሮቹ ስም

ደግነቱ ግቢው ራሱ ሙሉ በሙሉ አልረሳቸውም። በተለምዶ 12 በሮች አሉት ይባላል፤ የበሮቹ ስም ለኔ ከሁሉም ግንብ በላይ ያስደስተኛል። ወምበር በር አለ፤ ወምበር ማለት ዳኛ ነው። ባልደራስ በር አለ፤ የፈረሰኛው አለቃ። እምቢልታ በር አለ፤ የነፊዎቹ። አደናግር በር የሚባለው የፈታዮቹ በር ነው ይባላል፤ ሸማኔዎቹ ሰፈር ወዳለው ቅዱስ ሩፋኤል በድልድይ ያገናኝ ነበር። አዛዥ ጥቁሬ በርም አለ፤ በአንድ ባለሟል ስም የተጠራ።

አስተውሉ፦ ጥጥ የምትፈትል ሴት በቤተ መንግሥት አጥር ላይ በር ተሰይሞላታል። በየቀኑ በዚያ ትገባ፣ በዚያ ትወጣ ነበር ማለት ነው። አስጎብኚዎቻችን ስለ አንበሳ ቤቱ አሥር ደቂቃ ያወራሉ፤ ስለ በሮቹ ስም ግን ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም። ጠይቁ።

ጠባሳዎቹ

ከፋሲል ግንብ ወጣ ስትሉ የዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ ቀጥሎ የኢያሱን ግንብ ታገኛላችሁ። የኢያሱ ግንብ ጣሪያው እንደ ኮርቻ ጎበጥ ያለ ነበር፤ ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ ሰማይ ነው ጣሪያው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ ጣልያኖች ግቢውን የጦር ሰፈር አድርገውት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን ጦር የመጨረሻው ምሽግ ነበረች፤ እጃቸውን የሰጡት ኅዳር 1941 ላይ ነው።

ጎንደር ከዚያ በፊትም ብዙ አይታለች። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1866 አቃጥለዋታል። በ1888 ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቷን አንድደዋል። ከነደዱት ውስጥ ያልነበረው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ጉዟችንም የሚያልቀው እዚያ ነው። የንብ መንጋ ወጥቶ ደርቡሾቹን አባረራቸው ይባላል። ጣሪያው ላይ የተሣሉት መላእክት በየትኛውም ማዕዘን ብትቆሙ ያዩዋችኋል። መጀመሪያ ያሠሩት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው፤ አሁን የምናየው ሕንፃ ግን የመጀመሪያው በመብረቅ ከጠፋ በኋላ የተሠራ ነው።

ጣልያኖቹ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን ሠሩ። ግንቦቹንም "ጠገንን" ብለው ሲሚንቶ ለጠፉባቸው። ኖራ ይተነፍሳል፤ በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ ውኃው ውስጥ ይቀርና ድንጋዩን ይበላዋል። ለዚህ ነው ኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ የመጡት ባለሙያዎች ወደ ኖራ የተመለሱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ግንቡን ለማዳን የሚያስፈልገው እውቀት ያው የጥንቶቹ ግንበኞች እውቀት ነው። እነሱን ስንንቅ ሙያው ጠፋ፤ ሙያው ሲጠፋ ግንቡ ታመመ።

ከአጥሩ ውጭ

ታዲያ እነማን ነበሩ? በጎንደርና በአካባቢዋ ድንጋይ በመጥረብ፣ በአናጺነት፣ ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት የታወቁት በዋናነት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በቤተ መንግሥቱና በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥራ ላይ እንደነበሩ የራሳቸው ትውፊት ይናገራል፤ ታሪካቸውን ያጠኑ ሰዎችም ይህን ይቀበላሉ። ለአንዳንድ የሠራተኛ አለቆቻቸው ማዕረግ ሁሉ ተሰጥቷል። ንግዱን የያዙት ደግሞ ሙስሊሞቹ ናቸው፤ ከምፅዋ እስከ ስናር የሚመላለሰው ቅፍለት የነሱ ነበር፤ ጥሩ ሸማኔዎችም ነበሩባቸው። ወደ ከተማዋ እንጨት በማቅረብ ደግሞ ቅማንቶች ይታወቁ ነበር። ብሩስ በመጣበት ጊዜ ጎንደር አሥር ሺህ ያህል አባወራ አላት ብሎ ገምቷል። ያንን ሁሉ ሰው ያበላ፣ ያለበሰ፣ ያስጠለለው የነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

አሁን ከባዱን ነገር ልንገራችሁ። በ1668፣ ጎንደር ከተቆረቆረች 32 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በዓፄ ዮሐንስ ዘመን ጉባኤ ተደረገ። የተወሰነውም ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው መንደር እንዲኖሩ፣ ቤተ እስራኤላውያንም (በዜና መዋዕሉ አጠራር ካይላዎች) እንዲሁ ተለይተው እንዲሰፍሩ ነው። ሙስሊሞቹ ዝቅ ብሎ በቀሃ በኩል ወዳለው ሰፈር ሄዱ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። የቤተ እስራኤላውያኑ ሰፈር ካይላ ሜዳ ይባል ነበር። ሥራቸው ተፈልጎ ጎረቤትነታቸው ግን አልተፈለገም። ጠዋት ይመጣሉ፣ ግንብ ይሠራሉ፣ ማታ ወደ ተለየላቸው ቦታ ይመለሳሉ።

የባሰው ደግሞ ከአዋጅ ውጭ ያለው ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የምትሠራዋ "ጠይብ" ተባሉ፣ "ቡዳ" ተባሉ። እሳት ስለሚያውቁ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባለ። ሰው ማረሻውን ከነሱ ይገዛል፣ ምጣዱን ከነሱ ይገዛል፣ ልጁን ግን ፊታቸው አያበላም። ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው?

ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ዛሬ ብትሄዱ ሸክላው አለ፣ ምልክቱ አለ፤ ሰዎቹ ግን በአብዛኛው የሉም። በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሄደዋል። በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጉዟል። የሄዱት ወደሚናፍቋት ኢየሩሳሌም ነው፤ ይሄ የእምነታቸው ጉዳይ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ከአገር ሲወጡ ከኋላቸው የተዉት ስድብ እዚሁ ነው የቀረው።

ለምን ይሄን ሁሉ እጽፋለሁ?

ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ከዓመታት በፊት ክፍሌ ውስጥ አንዲት ተማሪ ነበረች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቅዳሜ ገበያ ጀበናና ምጣድ ትሸጣለች። ልጅቷ ሒሳብም እንግሊዝኛም የሚቀድማት አልነበረም። በምሳ ሰዓት ግን ብቻዋን ነበር የምትበላው። "ዓይኗ አይጥመንም" ይላሉ ልጆቹ። ይሄ የሆነው በኛ ዘመን ነው፤ ስልክ ይዘው ቲክቶክ የሚያዩ ልጆች ናቸው እንደዚህ የሚሉት። ልጅቷ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ሌላ ከተማ ዘመድ ጋ ሄደች።

እነዚያው ልጆች ደብተራቸው ሽፋን ላይ የፋሲል ግንብ ፎቶ ለጥፈዋል። ያኮራቸዋል። ሊያኮራቸውም ይገባል። ነገር ግን የሚኮሩበትን ግንብ የሠራውና የሚጸየፉት እጅ አንድ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። መጽሐፋችን የነገሥታትን ስም በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ ፈተናውም እሱን ይጠይቃል። "ግንቡን ፖርቹጋሎች ሠሩት" የሚለው ተረትም የኖረው ፈረንጅ ስለነገረን ብቻ አይመስለኝም። ለኛም ተመችቶናል። ግንቡን የሠራው ከጓሯችን ያለው ጠይብ ነው ከማለት ሩቅ አገር ያለ ፈረንጅ ነው ማለት ይቀለናል። ያኔ ለማንም ይቅርታ አንጠይቅም፣ ለማንም ምስጋና አንሰጥም።

አንዳንዱ ሰው "ይሄ ያለፈ ቁስል መነካካት ነው፣ ዘር መቁጠር ነው" ይል ይሆናል። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ጎንደር የማን ናት የሚለውን ጥል የሚያበርደው ይሄ ታሪክ ይመስለኛል። አንድ ግንብ ውስጥ የክርስቲያኑ ንጉሥ ትእዛዝ፣ የህንዳዊው አለቃ ልክ፣ የቤተ እስራኤሉ መዶሻ፣ የሙስሊሙ ነጋዴ ሸቀጥ፣ የቅማንቱ እንጨት፣ የፈታይዋ ጥጥ አለ። ከዚህ ውስጥ አንዱን ብታወጡት ግንቡ ሙሉ አይሆንም። ታሪኩን ሙሉ አድርጎ መናገር ማንንም አያሳንስም። ዓፄ ፋሲልም አያንሱም፤ ያን ሁሉ ሰው አስተባብሮ እንዲህ ያለ ሥራ ማሠራት ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው።

ስለዚህ ጎንደር የምትሄዱ ሰዎች፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ቢኖራችሁም አስጎብኚያችሁን ሦስት ነገር ጠይቁልኝ። አንደኛ፣ "ይህን ድንጋይ ማን ጠረበው?" ሁለተኛ፣ "የበሮቹ ስም ምንድን ነው፣ በየትኛው ማን ይገባ ነበር?" ሦስተኛ፣ "ሠራተኞቹ ማታ የት ነበር የሚያድሩት?" እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ጉብኝቱን ከግቢው አውጥተው አዲስ ዓለም፣ ወለቃ ድረስ ይወስዱታል። አስጎብኚዎቹም ጠያቂ ከበዛባቸው ማንበባቸው አይቀርም። የኛ ልጅ በመጨረሻ "መምህር፣ እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ለነገ አጣርቼ ነው የምጠብቅዎት" አለኝ። እኛ ግን በማግስቱ ወደ ቤታችን ተመለስን። ከኛ በኋላ ለሚመጣው እንግዳ ይነግረዋል ብዬ አምናለሁ።

መምህራን ጓደኞቼ፣ የጎንደርን ምዕራፍ ስታስተምሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ለኖራው ስጡት። ልጆቹ ሰፈራቸው ካለ ግንበኛ፣ ቀጥቃጭ ወይም ሸክላ ሠሪ ጋ ሄደው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀው ይምጡ። እኔ ዘንድሮ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ሦስት ልጆች የሸክላ ሠሪዋን እናት ቤት ሄደው ጭቃው ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ ገሉ እንዴት እንደሚደቅቅ፣ እሳቱ መቼ እንደሚበቃው ጽፈው መጡ። ቡናም ጠጥተው ነው የመጡት።

ጎንደር የተወለዳችሁ፣ አዲስ ዓለም ያደጋችሁ፣ እስራኤል ያላችሁም ወገኖቻችን፦ አያታችሁ ወይም ቅድመ አያታችሁ ግንበኛ፣ አናጺ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ ከነበሩ የነገሯችሁን ከሥር ጻፉልኝ። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ የየትኛው መስጊድ፣ የየትኛው ድልድይ ሥራ ላይ እንደነበሩ፣ መሣሪያቸውን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር፣ ትንሽም ብትሆን ጻፉት። ከፈቀዳችሁ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። መሳደብ የሚፈልግ ግን እዚህ ገጽ ላይ ቦታ የለውም።

ሰላም ዋሉ።